ስለ ልደት ጋቢ፤ የጥለቱ አመራረጥና የዘርፉ አቋጫጨት

ደምበጫ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ከተማ አይደለችም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ናትና መንገደኛ ሁሉ ያልፍባታል፥ ጸሐፊ ግን አይቆምባትም። ስሟ ቢጻፍም የሚጻፈው ስለ ጦርነት ነው፤ ይኸውም በ1933 ዓ.ም በየካቲት ወር መጨረሻ የጣሊያን ጦር ከቡሬ ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ በአጠገቧ ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋራ ስለ ተዋጋ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ጦር አይደለም። የምጽፈው ስለ ጋቢ ነው፤ ከጋቢም ስለ ጥለቱና ስለ ዘርፉ ብቻ ነው። ይህ ለታሪክ የሚያንስ ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምነዋለሁ፤ ሸማውን ሳያጣፋ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ከመካከላችን ማን አለና?

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ በ2012 ዓ.ም በደምበጫ ያየሁት ነው። አንዲት እማሆይ ለንስሐ አባታቸው የልደት በዓል ስጦታ የሚሆን ጋቢ ለማሠራት አስበው፥ መስቀል ካለፈ በኋላ ጥጡን ዳምጠው፥ በደጋን ነድፈው፥ ባዘቶውን በእንዝርት መፍተል ጀመሩ። ልቃቂቱ ሰፌዱን ሲሞላ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበረ። እኔም ጐረቤታቸው ስለ ሆንሁ ልቃቂቱን ተሸክሜ ወደ ሸማኔው ቤት አብሬያቸው ሄድሁ። ሸማኔውም በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፥ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ ይሠራ ነበረ፤ እማሆይን ባየ ጊዜ መወርወሪያውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ጥለቱን ምን ላድርገው እማሆይ?» አለ።

«መስቀል ይሁንልኝ ልጄ፤ ለንስሐ አባቴ ነውና።»

ሸማኔው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ለነጠላ ቢሆን ኖሮ መስቀል እጥልልዎ ነበረ፤» አላቸው። «ጋቢ ግን ሌሊት ይለበሳል። ሌሊት ሲለበስም ጥለቱ ወደ እግር ይወርዳል። የእርስዎን መስቀል እግር ሲረግጠው እኔ እንዴት እሆናለሁ?»

ይህ ሰው እስላም እንደ ሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። እማሆይም አንገታቸውን ደፍተው ቆይተው፥ «እውነትህን ነው፤ እኔ ነበርሁ ይህን ማሰብ የነበረብኝ፤» አሉ። ከዚያም በኋላ ስለ ቀዩ ክር መነጋገር ጀመሩ። ለመቼ እንደሚያደርስላቸው ሲጠይቁትም «ለታኅሣሥ 29» ቢላቸው፥ ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ ልደት በ28 እንደሚውል አስታወሱት፤ ሁለቱም ሣቁ። አንድ ቀን በሸማኔ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ የማስበው ስለዚያ መስቀል ነበረ። ጥለት ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ክርክር ባላስፈለገው ነበረ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሎቹ ጥቂት ልናገር። ጥለት የሚለው ቃል ከመጣል የወጣ ነው፤ ሸማኔው ቀለም ያለውን ክር በነጩ ድር መካከል ይጥላልና። ጥለቱ ሰፋ ብሎ በብዙ ዓይነት ቀለምና ሐረግ የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ስሙ ጥበብ ይባላል። አባቶቻችን ለሰሎሞን ዕውቀትና ለቀሚስ ጠርዝ አንድ ስም መስጠታቸው እንዲያው በከንቱ የሆነ አይመስለኝም፤ ክሩን ቆጥሮ፥ በሐሳቡ ሥሎ፥ ያለ ወረቀት የሚሠራውን ሰው እጅ ያየ ሁሉ ይህን ይረዳዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን መቋጨት የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ሊቁም ሆነ ዳኛው ንግግሩን ሲፈጽም «ነገሬን ልቋጭ» ይላል፤ ቃሉ ግን አስቀድሞ የሴቶች ሥራ ስም ነበረ፤ ከሸማ ጫፍ የተረፈውን የድር ክር እየከፈሉ፥ እየገመዱ ዘርፍ የማድረግ ሥራ ማለት ነው። እንግዲህ በአማርኛ ነገርን መጨረስ ማለት ልብስን መጨረስ ማለት ነው።

ጎጃም በጥጥ ልብስ የታወቀችው ዛሬ አይደለም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ካህን ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጽፏል፤ መጽሐፉም በሊዝቦን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1540 ታተመ። ይህ ካህን የጎጃም ግብር ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲገባ ቆሞ አይቶ ነበረ። ከግብሩም መካከል 3000 በቅሎና 3000 ፈረስ እንዲሁም 3000 ትልልቅ የጥጥ ልብሶች እንደ ነበሩበት ይናገራል። የልብሶቹን ሁኔታ ሲገልጽ፥ ታላላቅ ሰዎች በአልጋቸው ላይ የሚያነጥፏቸውና የሚለብሷቸው፥ በአንድ ፊታቸው እንደ ምንጣፍ ጠጕር ያላቸው፥ እጅግም ጠንካሮች ናቸው ይላል፤ ዋጋቸውም ከአንድ ወቄት ወርቅ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ከእነርሱም በኋላ ዋጋቸው ያነሰ ሌሎች ተራ የጥጥ ልብሶች ተከትለው ገቡ።

የልብሱን ስም ሲጽፍ ባሱቶ ወይም ባዙቶ በሚመስል ቃል ጽፎታል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ቃል ከእኛው ባዘቶ በቀር ሌላ አይደለም፤ የውጭ አገር ሰው የልብሱን ስም ሲጠይቅ የጥጡን ስም ነግረውት ይሆናል፥ ወይም ልብሱ ራሱ በዚያን ዘመን እንዲህ ይባል ነበረ። የሆነው ሆኖ ዛሬ ሽማግሌዎቻችን በብርድ ጊዜ የሚከናነቡት ቡልኮና ጋቢ የዚያ ልብስ ዘመዶች ለመሆናቸው ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። እንግዲህ እማሆይ በ2012 ዓ.ም ያሠሩት የሌሊት ልብስ 500 ዓመት የሞላው የጎጃም ሙያ ነው። በዚያን ጊዜ ለንጉሥ የሚገባ ግብር ነበረ፤ ዛሬ ለንስሐ አባት የሚሰጥ ስጦታ ሆነ። ከሁለቱ የትኛው ክብር ይበልጥ እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረድ።

ጥጡ የአገራችን ነው፤ በዓባይ ሸለቆ ቆላና በሌላውም ቆላ ይበቅላል። ቀዩ ክር ግን የአገራችን አልነበረም። ይህ ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ነጩን ሸማ የሚሠራ ሸማኔ ጥለቱን ለመጣል ቀይና ሰማያዊ ክር ሲያስፈልገው፥ ከሕንድ አገር በምጽዋ በኩል የሚመጣውን ቀለም የተነከረ ጨርቅ ይገዛና ክሩን አንድ በአንድ እየተረተረ ያወጣ ነበረ። ያወጣውንም ክር እንደ ገና በቀሰም ላይ ጠቅልሎ በነጩ ድር ውስጥ ይጥለዋል። በሱራት ወይም በሌላ የሕንድ ከተማ አንድ ሸማኔ የሠራውን ጨርቅ በጎንደርና በጎጃም ሌላ ሸማኔ አፍርሶ እንደ ገና ሠራው ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ክሩ ግን በሁለቱም እጅ አለፈ። ከምጽዋ እስከ ጎንደር፥ ከጎንደርም በጎጃም በኩል ዓባይ አጠገብ እስካለው እስከ ባሶ ገበያ ድረስ የነጋዴ ቅፍለት ይመላለስ ስለ ነበረ፥ ቀዩ ጨርቅ ከአሞሌውና ከቡናው፥ ከወርቁና ከዝባዱ ጋራ በአንድ ጎዳና ይጓዝ ነበረ።

ስለዚህ ቀይ ጥለት ውድ ነበረ። ውድ የሆነም ነገር ሁሉ እንደ ልማዱ የማዕርግ ምልክት ሆነ። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለበት ጃኖ የመኳንንትና ንጉሥ የሸለመው ሰው ልብስ ነበረ እንጂ ማንም ተነሥቶ የሚለብሰው አልነበረም። ባላገሩ ነጭ ሸማ ወይም ቀጭን ጥለት ያለውን ይለብሳል፤ ጌታው ጃኖ ይለብሳል፤ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ፊቱን ሳያዩ በጥለቱ ስፋት ያውቁታል። ዛሬ በልደት ሌሊት በላሊበላ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዐለቱ ጫፍ ላይ ቆመው፥ ከታች ካሉት ካህናት ጋራ እየተቀባበሉ ቤዛ ኵሉን የሚያሸበሽቡትን ካህናት የተመለከተ ሰው የዚህን የጥንት ማዕርግ ጥላ በልብሳቸው ላይ ያያል፤ በነጩ መካከል ያለው ቀይ መሥመር በጧት ብርሃን እጅግ ያምራል።

ጥለት ከማዕርግም በቀር ሌላ ንግግር አለው። ይህንንም ከእኛ ይልቅ እንግዶች አስተውለው ጽፈውታል፤ እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ከአገራችን ተመልሶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሸማ አለባበስ ብዙ ተናግሯል። ሰው በጌታው ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ታጥቆ ያደገድጋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን ሲያገኘው ደግሞ ይዘቀዝቀዋል፤ ወደ እግር ይወርድ የነበረው ጥለት ወደ ላይ ወደ አንገት ይወጣል፥ ያየውም ሰው «ማን ሞተብህ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉ ተነገረ። የሸማኔው ክርክር ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥለት ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ትርጕም አለውና፥ በጋቢ ላይ መስቀል መጣል ምን እንደሚያስከትል ከእማሆይ ይልቅ እርሱ አስቀድሞ አወቀው።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ነገር ደረስሁ።

በቀድሞው ዘመን በጎንደርና በአካባቢው በሽመና ሥራ የታወቁት በብዛት እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ርስት የመያዝ መብት ስላልነበራቸው መሬት አርሶ መኖር አልተቻላቸውም፤ ስለዚህ በእጃቸው ሥራ ማደር ግድ ሆነባቸው። ከዚያም በኋላ መሬት ያልሰጣቸው ሰው መሬት የላቸውም ብሎ ናቃቸው። ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ነው፥ ቡዳ ናት እያለ አራቃቸው። የልደትንና የጥምቀትን ነጭ ልብስ ግን ከእነርሱ ገዝቶ ለበሰ። ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል፤ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ግን እነርሱ የሠሩት ሸማ ዛሬም ሳይኖር አይቀርም።

በዚህ ነገር ውስጥ አንድ እጅግ የሚያስገርም አለ። መፍተል ንቀት የለበትም ነበረ፤ እንዲያውም ታላላቅ እመቤቶች ሳይቀሩ እንዝርት ይዘው ይፈትሉ ነበረ፥ ቀጭን ፈታይ መባልም ለሴት ትልቅ ምስጋና ነው። እንግዲህ ያው ክር በእመቤቲቱ እንዝርት ላይ ሳለ የተከበረ ነው፤ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲወርድ ሥራው የተናቀ ይሆናል፤ ሸማ ሆኖ ሲወጣ እንደ ገና የተከበረ ይሆናል። ክሩ አልተለወጠም። የተለወጠው የያዘው እጅ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህንን አይተው በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁም ባለ እጁን በሥራው ስም እየጠሩ ማዋረድ አገርን የሚጐዳ መሆኑን የሚያስረዳ ነበረ። ይህ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል። አዋጅ ግን ገበያ ላይ ይነገራል እንጂ ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ አይነገርም። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ከባልንጀሮቼ ጋራ ሆኜ በሸማኔ ልጅ ላይ የማይገባ ስድብ ጮኼ አውቃለሁ፤ በላዬ ላይ የነበረው አዲስ ነጠላ የአባቱ ሥራ እንደ ነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ልጁ ያን ጊዜ አልመለሰልኝም፤ ነጠላዬን ብቻ አየ። ስድቡን ረስቼው ነበረ፤ አስተያየቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የእማሆይን ሸማኔ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ ያፈርሁትም ስለዚህ ነው።

ካህናት አባቶቻችን ሲያስተምሩ፥ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበረ ይሉናል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልም ይህንኑ እናያለን፤ መልአኩ ቆሞ፥ እርስዋ ክሩን በእጇ ይዛ። ይህን ሥዕል እየተሳለመ የሚያድግ ሕዝብ ክርን ከሚሠሩት ሰዎች እኩሌታውን አክብሮ እኩሌታውን እንዴት ናቀ? ይህን ጥያቄ ሊቃውንቱ እንዲመልሱልኝ እንጂ እኔ ልመልሰው አልቻልሁም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አቡጀዲ የተባለው የአሜሪካ ጨርቅ ገበያውን ሞላው፤ ርካሽና ወፍራም ስለ ነበረ ሱሪና እጀ ጠባብ ለማድረግ ሁሉ ወደደው። የባቡር ሐዲድም ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የፋብሪካ ክርና ጨርቅ እየበዛ ሄደ። በዚያን ጊዜ ነገሩን የተመለከተ ሰው ሽመና ሊጠፋ ነው ብሎ ቢፈርድ የሚያስደንቅ አይሆንም ነበረ። ነገር ግን አልጠፋም። አቡጀዲ ሱሪውን ወሰደ፥ ሸማውን ግን ሊወስድ አልቻለም፤ ምክንያቱም አቡጀዲ ጥለት የለውም፥ ጥለት የሌለውም ልብስ አያስደገድግም፥ አያስለቅስም፥ በዓልም አያስከብርም። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ሆኖ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ የአንድ ወፍራም ጨርቅ ሙቀት አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋምም ሸማኔው ከጉድጓዱ አልወጣም። ይልቁንም ከፋብሪካው ዘመን ጋራ ተስማማ፤ ድሩን የፋብሪካ ክር፥ ማጉን የእጅ ፈትል ማድረግን ለመደ። የፋብሪካው ክር ስለማይበጠስ ለድር ይመቻል፤ የእጁ ፈትል ለስላሳ ስለ ሆነ ለማግ ይመቻል። በአዲስ አበባም ከጋሞ አገር የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳን የጥበብ ገበያ አደረጉት።

አሁን የመጣው ግን ከአቡጀዲ የባሰ ነው፤ ጥለቱን ራሱን አስመስሎ መጥቷልና። ከውጭ አገር በመኪና የታተመ፥ ከሩቅ ሲያዩት የአገር ልብስ የሚመስል ጨርቅ በየገበያው ተሰቅሏል። ድሀ ሰው ለልጁ የበዓል ልብስ በርካሽ ቢገዛ አልፈርድበትም። ነገር ግን ሳያውቅ እንዳይታለል መለያውን ልንገር። በመወርወሪያ የተጣለ ጥለት በውስጡም በውጭውም ይታያል፤ የታተመው ግን ሲገለበጥ ጀርባው ደብዛዛ ነው። ደግሞም ጫፉን ይመልከት፤ የታተመው ጨርቅ ከትልቅ ጥቅል ተቈርጦ የመጣ ስለ ሆነ የሚቋጭ የድር ትራፊ የለውም፤ ጫፉ በመኪና የተጠመዘዘ ነው፥ ዘርፍ ቢኖረውም ከሌላ ቦታ መጥቶ የተሰፋ ነው። ዘርፍ የሚዋሽ ነገር አይደለም።

ስለ ቀለሙ አመራረጥ ደግሞ ከሸማኔው የተማርሁትን ልጻፍ። እማሆይ ስለ መስቀሉ ከተስማሙ በኋላ፥ «እንግዲያስ ቀጭን ቀይ ይሁን፤» አሉ። ሸማኔውም ሁለት ዓይነት ቀይ ክር አመጣ። አንደኛው እንደ እሳት የደመቀ፥ ሁለተኛው ጠቈር ያለ ነበረ። የእማሆይም የእኔም ዓይን ወደ ደማቁ ሄደ። እርሱ ግን ከደማቁ ጥቂት ክር በጥሶ በምራቁ አርሶ በነጭ ጨርቅ ላይ ቢፈትገው ጨርቁ ቀላ፤ ጠቈር ያለው ግን ምንም አልለቀቀም። «ይህን የመሰለ ቀይ የጣልሁበት ጋቢ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ሁሉም ሮዝ ይሆናል፤» አለ። እማሆይም እናታቸው ሸማ ያጥቡ የነበረው በእንዶድ እንደ ነበረና በእንዶድ የታጠበ ጥለት ሲለቅ አይተው እንደማያውቁ ነገሩን። ያን ጊዜ የነበረው ክር አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የተፈተነ ስለ ነበረ ይሆናል ብዬ አሰብሁ፥ ለእርሳቸው ግን አልተናገርሁም፤ እንዶድን የሚነካባቸውን አይወዱም። እንዶድስ ቢመሰገን ምን ይደንቃል! ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር፥ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝቶ፥ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥፊያ ያወቀው ከዚሁ ተክል አይደለምን?

የጥለቱም ስፋት ቀላል ነገር አይደለም። ሸማኔው የሚሠራው ጨርቅ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ጋቢ የሚሆነው ርዝመቱ ታጥፎና ጐን ለጐን ተሰፍቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የጣለውን ጥለት በመጨረሻ ሲጥለው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ መወርወሪያውን ስንት ጊዜ እንደ ወረወረ በቃሉ ይይዛል። አንድ ጊዜ ቢያጐድል ወይም ማጉን አንድ ቀን አጥብቆ፥ ሌላ ቀን አላልቶ ቢመታው፥ ሲሰፋ ቀዩ ከቀዩ ጋራ አይገጥምም፤ በስፌቱ ላይ እንደ ተሰበረ ደረጃ ሆኖ ይታያል። በዚህም ምክንያት ሰፊ ጥበብ ከቀጭን ጥለት ይልቅ ጥፋትን ይሸፍናል ብሎ ሸማኔው ነገረኝ፤ ዓይን በሐረጉ ላይ ሲዞር ጕድለቱን አያይምና። አንድ ቀጭን ቀይ መሥመር ግን ምንም የሚደበቅበት ቦታ የለውም። እኔ ቀጭኑ የድሆች፥ ሰፊው የባለ ጠጎች ነው ብዬ አስብ ነበረ። ለሸማኔው ግን የሚከብደው ቀጭኑ ነው።

ጋቢው ከጉድጓዱ የወጣው ልደት አራት ቀን ሲቀረው ነው። እማሆይ በደጃቸው ላይ አነጠፉትና ጥለቱን ከጥለቱ ጋራ አስተያዩት፤ ገጥሟል። ዋጋውን ከፍለው፥ ለሸማኔው ጠላ ሊቀዱለት ተነሥተው ነበረ፤ እርሱ እንደማይጠጣ ትዝ ሲላቸው ቡና አፈሉለት፥ ቍርስ የሚሆን ቈሎም አቀረቡ። ከእኛ ጋራ በአንድ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠጣ። በዚያች መንደር ይህን የማይወዱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዱ በአጥር በኩል ሲያልፍ አይቶ ሰላምታውን ለእማሆይና ለእኔ ብቻ ሰጠ። እማሆይም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «ሦስት ነን!» አሉት። ሰውየው ቆመ፥ ተመለሰና እንደ ገና ሰላምታ ሰጠ።

የቀረው መቋጨት ነበረ። ይህ ሥራ የሚታይ ትንሽ ጌጥ ቢመስልም ያለ እርሱ ልብሱ አይኖርም፤ ድሩ ካልታሰረ ማጉ ከጫፍ ጀምሮ እየሾለከ ይወጣልና። አሠራሩ ይህ ነው፤ ከድሩ ትራፊ እኩል እኩል ክር በሁለት ወገን ይከፍላሉ፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ጐን አጥብቀው በመዳፍ ይገምዳሉ፤ ከዚያም ሁለቱን አገናኝተው ሲለቋቸው እርስ በርሳቸው ወደ ተቃራኒው ጐን ይጠመዘዛሉ፥ ጫፋቸውም ይታሰራል። ያልጠነከረ እንደ ሆነ በአንድ አጠባ ይፈታል። እጅግ የጠነከረ እንደ ሆነም ይንቀለቀላል፥ ዘርፉ እንደ በግ ጠጕር ይጠቀለላል። ልኩን የሚያውቀው መዳፍ ነው።

እማሆይ የዓይናቸው ብርሃን ስለ ደከመ በመዳፋቸው ብቻ ይሠሩ ነበረ፤ እኔም ክሩን እየከፈልሁ አቀብላቸው ነበረ። በገሀድ ቀን ወደ ማታ ሸማኔው በደጃፍ ሲያልፍ ገብቶ ዘርፉን በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከመካከላቸው አንዱን ይዞ፥ «እማሆይ፥ ይህ ላልቷል፤» አላቸው። እርሳቸውም አልተቈጡም፤ ፈቱትና እንደ ገና መገመድ ጀመሩ። እርሱም በሌላው ጫፍ ተቀምጦ የቀረውን ያዘ። ሽመና ለወንድ፥ ቋጭ ለሴት ነው የሚል ልማድ ስላለ፥ ወንድ ሲቋጭ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የማሕሌቱ ደወል ሲደወል ሦስት ጣት ያህል ቀርቷቸው ነበረ።